ወታደር ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው ለምን የእስረኛዋን ፋይል ይከፍታል?

ጁላይ 1791፣ ኖርፎክ ደሴት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ጠረፍ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ውቅያኖስ መሐል የተቀመጠች ሚጢጢ ደሴት ናት። እዚያ አንዲት ሕፃን ተወለደች። እናቷ ሜሪ ብራናም የምትባል ግዞተኛ ስትሆን፣ ገና በልጅነቷ ለንደን ውስጥ ልብስ ሰርቃ ሰባት ዓመት የተፈረደባት ናት። አባትየው ደግሞ እነሱን ለመጠበቅ ከተላኩት መኮንኖች አንዱ፣ ሌተናንት ራልፍ ክላርክ ነው።

ክላርክ የዕለት ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው ነበር። እንግሊዝ ትቷት የመጣውን ሚስቱን፣ ቤትሲ አሊሺያን፣ በናፍቆት እያነሳ ገጽ በገጽ ይሞላል። ግዞተኛ ሴቶቹን ግን ካነሳቸው በስድብ ነው። እስከ ዛሬ በተረፈው ማስታወሻው ውስጥ ስለ ሜሪ ማርገዝም ሆነ ስለ ሕፃኗ መወለድ አንዲት ቃል የለችም።

የሕፃኗ ስም ግን አልጠፋም። አሊሺያ ነው፣ የሚስቱ ስም።

ታዲያ ይህን በምን አወቅን? ከወታደሩ ደብተር አይደለም። ከክርስትና መዝገብ እና በእናትየው ስም ከተያዙ የእስረኛ ወረቀቶች ነው።

ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነው። ብዙ አውስትራሊያውያን «የእኛ ቅድመ አያት እኮ እስረኛ አልነበረም፤ ወታደር ነበር» የሚል የቤተሰብ ወሬ አላቸው። ከዚያ አንድ ቀን አንዱ የልጅ ልጅ ተነስቶ «እስኪ ይሄን ሰውዬ ልፈልገው» ይላል። ፍለጋው የሚያደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ያልጠበቀው ቦታ ነው። ለምን እንደሆነ ከሥሩ እንየው።

ነገሩ የሚጀምረው ከየት ነው?

እንግሊዝ ድሮ ወንጀለኞቿን የምትጥለው አሜሪካ ነበር። የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ሲነሳ ያ በር ተዘጋ። እስር ቤቶች ሞሉ፤ ያረጁ መርከቦች ሳይቀሩ ወንዝ ላይ ቆመው እስር ቤት ሆኑ። በ1786 መንግሥት መላ አገኘሁ አለ፦ የዓለም ጫፍ ላይ ወዳለችው ኒው ሳውዝ ዌልስ ልላካቸው።

ሜይ 13 ቀን 1787፣ 11 መርከቦች ከፖርትስማውዝ ወደብ ተነሱ። ከስምንት ወር በላይ ተጉዘው፣ ጃንዋሪ 26 ቀን 1788፣ በካፒቴን አርተር ፊሊፕ መሪነት ዛሬ ሲድኒ የምንላት ከተማ ያለችበት ወደብ ላይ ሰፈሩ። ታሪክ «የመጀመሪያው መርከብ ጓድ» ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ እስከ 1868 ድረስ ከ160,000 በላይ ግዞተኞች ወደ አውስትራሊያ ተጭነዋል።

አሁን ቁጥሮቹን ልብ በሉ። በዚያ የመጀመሪያ ጉዞ 750 ገደማ ግዞተኞች ነበሩ፤ ከነሱ ውስጥ 190 ያህሉ ሴቶች። ጠባቂ ሆነው የመጡት የባሕር ኃይል ወታደሮች፣ ማሪኖቹ፣ 200 ገደማ ናቸው። ሚስቱን ይዞ እንዲመጣ የተፈቀደለት ግን ጥቂት ነው፤ የወታደር ሚስቶች በጠቅላላ 30 ቢሆኑ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አብዛኛው ወታደር ብቻውን ነው የመጣው። እዚያ ካሉት እንግሊዛውያን ሴቶች መካከል ደግሞ አብዛኞቹ እስረኞች ናቸው። ወታደሩ ቤተሰብ ከመሠረተ፣ ብዙውን ጊዜ የሚመሠርተው ከሚጠብቃት ሴት ጋር ነበር ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ወታደሩም እስረኛውም የሚበላው ከአንድ መጋዘን ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የረሃብ ዓመታት ነበሩ። በማርች 1789 ስድስት ማሪኖች ቁልፍ አስመስለው ሠርተው ከመንግሥት መጋዘን ሲሰርቁ ስለነበር በስቅላት ተቀጡ። ጠባቂዎቹ ናቸው እንግዲህ! በማርች 1790 ደግሞ ቅኝ ግዛቷ ከነበሯት ሁለት መርከቦች ትልቋ፣ ሲሪየስ፣ ኖርፎክ ደሴት ላይ ተሰብራ ሰጠመች፤ ቀለብ የበለጠ ተቀነሰ።

ይህ ለቤተሰብ ፈላጊ ምን ይጠቅመዋል? ብዙ ይጠቅመዋል። ቀለብ ሲጠፋ መንግሥት እያንዳንዱን አፍ ይቆጥራል። ለምሳሌ ከ1792 እስከ 1796 የተያዘ የኖርፎክ ደሴት የቀለብ መዝገብ እስከ ዛሬ አለ። ማን ከመጋዘን እንደበላና ማን ከቀለብ እንደተሰረዘ ይናገራል። ደብተር ያልጻፈ ሰው፣ ፊርማ የማያውቅ ሰው፣ ዳቦ ስለበላ ብቻ ስሙ ቀረ።

መጀመሪያ መለየት ያለበት፦ የትኛው ወታደር?

«ወታደር ነበር» ማለት ብቻውን አይበቃም። በቅኝ ግዛቷ መጀመሪያ ዘመን ሦስት ዓይነት ወታደር አለ፤ ወረቀታቸውም የሚገኘው ለየብቻ ነው።

አንደኛ፦ ማሪኖቹ። ከ1788 ጀምሮ የነበሩት ናቸው። ተጠሪነታቸው ለባሕር ኃይሉ ስለሆነ ወረቀታቸው ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በባሕር ኃይል ክፍል ውስጥ ነው። አብዛኞቹ በዲሴምበር 1791 ጎርጎን በምትባል መርከብ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የቀሩት ግን ነበሩ። አንዳንዱ መሬት ወስዶ ገበሬ ሆነ፤ አንዳንዱ ወደ አዲሱ ጦር ገባ።

ሁለተኛ፦ የኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ጦር። ማሪኖቹን እንዲተካ በ1789 እንግሊዝ ውስጥ የተቋቋመ ነው። ከ1790 ጀምሮ በየመርከቡ እየተጫነ መጣ። «የአረቄ ጦር» የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ይሄው ነው፤ መኮንኖቹ የአረቄ ንግዱን ይዘውት ነበርና። ጃንዋሪ 26 ቀን 1808 አገረ ገዢውን ዊልያም ብላይን ከሥልጣን ያወረደውም ይህ ጦር ነው። በኋላ 102ኛ ሬጅመንት ተብሎ በ1810 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ።

ሦስተኛ፦ ከ1810 በኋላ በየተራ የመጡት ሬጅመንቶች። የመጀመሪያው ከአገረ ገዢ ላክላን ማኳሪ ጋር የመጣው 73ኛው ነው። በ1814 ወደ ሲሎን፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ ተዛወረ። ሲድኒ ተወልዶ በድንገት ከመዝገብ የጠፋ የወታደር ልጅ ካጋጠማችሁ፣ ሞቷል ብላችሁ አትቸኩሉ። ምናልባት ከአባቱ ጋር መርከብ ተሳፍሮ ይሆናል።

እዚህ ላይ ጠቃሚ ነገር፦ 102ኛው ሲመለስ ሁሉም አልሄደም። ብዙዎቹ ቤት፣ ሚስት፣ ልጅ፣ በቆሎ የዘሩበት ማሳ ነበራቸው። ወደ 73ኛው ተዛውረው ወይም ለአሮጌ ወታደሮች በተቋቋመ ልዩ ጓድ ውስጥ ገብተው ቀሩ። ስለዚህ አንድ ሰው በማሪንነት ጀምሮ፣ ክፍለ ጦሩ ውስጥ ቆይቶ፣ በአሮጌ ወታደሮች ጓድ ሊጨርስ ይችላል። ሦስት ቦታ ፋይል አለው ማለት ነው። አንዱ ጋ ብቻ ፈልጎ «የለም» የሚል ሰው ተሸውዷል።

የወታደሩ ወረቀት ምን ያወራል፣ ስለ ምን ዝም ይላል?

ጦሩ ስለ ወታደሩ ማወቅ የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው። በሕይወት አለ ወይ? የት ነው? ስንት ይከፈለዋል? የደሞዝና የቁም ቆጠራ መዝገቡ («ደብሊው ኦ 12» በሚባለው ክፍል ያለው) በየጊዜው ስሙን ያስቀምጣል፤ ታሟል፣ ጥበቃ ላይ ነው፣ ተሰናብቷል ይላል። ጡረታ ያገኘ ከሆነ የስንብት ወረቀቱ («ደብሊው ኦ 97») የበለጠ ሀብታም ነው፦ የተወለደበት ቦታ፣ ዕድሜ፣ ቁመት፣ የዓይንና የፀጉር ቀለም፣ ከመቀጠሩ በፊት የነበረው ሙያ። ሸማኔ ነበር? የቀን ሠራተኛ? እዚያ ታገኙታላችሁ።

ሚስትስ? ልጆችስ? በአብዛኛው የሉም። ጦሩ ደሞዝ የማይከፍለውን ሰው የመጻፍ ግዴታ አልነበረበትም።

የግዞተኛዋ ነገር ግን ሌላ ነው። መንግሥት እሷን አንዴም ከዓይኑ አላራቃትም። ስትከሰስ ተጽፏል፤ ለንደን የተፈረደባት ከሆነ ደግሞ የኦልድ ቤይሊ ችሎት የሙግት ዘገባ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል። ምን እንደሰረቀች፣ ማን እንደመሰከረባት፣ አንዳንዴም ራሷ ምን እንዳለች ሳይቀር! ስትጫን ተጽፏል። ስትደርስ ተጽፏል። ለማን እንደተመደበች፣ ፍርዷን ስትጨርስ፣ ስታገባ፣ ስትወልድ፣ እንደገና ስትቀጣ ተጽፏል።

ውጤቱ የሚገርም ነው። ከ200 ዓመት በኋላ ጠባቂው ጥላ ሆኖ ሲቀር፣ እስረኛዋ ግን ሙሉ ሰው ሆና ትታያለች። ስለዚህ ወታደሩን ስትፈልጉ ሴቲቱን ፈልጉ። የልጆቹን አባት ስም ይዛ የምትገኘው እሷ ናት።

ይህን ያኔውኑ ያየ ሰው አለ። ዋትኪን ቴንች የሚባል የማሪን መኮንን በ1793 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በ1791 ለመቅረት ስለወሰኑት ወታደሮች ሲጽፍ፣ አብዛኞቹን ያስቀራቸው የግዞተኛ ሴቶች ፍቅር እንጂ ሌላ አይደለም ይላል። ቴንች ራሱ ትዳሩ ይሰምራል ብሎ አላመነም። ዛሬ ግን የነዚያ ጥንዶች ዘሮች አውስትራሊያን ሞልተዋል።

አንድ ምሳሌ፦ ጆርጅ እና ኤስተር

በ1786 ኤስተር አብርሃምስ የምትባል አይሁዳዊት ወጣት ለንደን ውስጥ 24 ያርድ ጥቁር ዳንቴል ሰርቀሻል ተብላ ሰባት ዓመት ግዞት ተፈረደባት። ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጇን ሮዛናን የወለደችው ኒውጌት እስር ቤት ውስጥ ነው። ከዚያ እናትና ልጅ ሌዲ ፔንሪን የምትባል የሴት ግዞተኞች መርከብ ላይ ተጫኑ። እዚያው መርከብ ላይ አንድ የማሪን ሌተናንት አለ፣ ጆርጅ ጆንስተን።

ከዚያ በኋላ አልተለያዩም። ሰባት ልጆች ወለዱ። እሱ ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ጦር ተዛውሮ በማዕረግ አደገ፤ በ1808 ብላይን ያሰረው ጦር አዛዥ ሆኖ ለስድስት ወር ገደማ ቅኝ ግዛቷን ራሱ አስተዳደረ። በ1811 ለንደን ላይ በጦር ፍርድ ቤት ማዕረጉን ተገፎ ተመለሰ። ኤስተርን በሕግ ያገባት ግን በ1814 ነው። ማለትም ከተዋወቁ ከ25 ዓመት በላይ አልፎ!

እስቲ አሁን የዚህ ቤት ልጅ ልጅ ሆናችሁ አስቡት። የጋብቻ መዝገቡን 1788 አካባቢ ብትፈልጉ አታገኙትም። «ኤስተር ጆንስተን» ብላችሁ ብትፈልጉም አታገኟትም፤ ለብዙ ዓመት የምትጠራው ኤስተር ጁሊያን ተብላ ነው፤ በ1809 መሬት ሲሰጣት እንኳ በዚሁ ስም ነው። አንዲት ሴት፣ ሦስት የቤተሰብ ስም።

ጆንስተን በ1823 ሲሞት አናንዴል የሚባለውን ርስት ለእሷ ተወላት። በ1829 የገዛ ልጇ ሮበርት፣ ንብረት ለማስተዳደር አእምሮዋ አይበቃም ብሎ ፍርድ ቤት አቆማት። የቤተሰብ ጠብ ነው፤ ያሳዝናል። ለታሪክ ፈላጊ ግን ያ ችሎት ወርቅ ነው፤ ስለ ኑሮዋ የተመሰከረው ሁሉ ተጽፎ ቀርቷልና።

እነሱ የመኮንን ቤት ናቸው። የተራው ወታደር ቤትም በዚሁ መንገድ ነው የሚገኘው፤ ወረቀቱ ቀጠን ይላል እንጂ።

እሺ፣ በተግባር እንዴት ይፈለጋል?

1. ከራስ ይጀመራል፤ ወደኋላ ነው የሚኬደው። ከ1788 ተነስቶ ወደ ታች መምጣት የተለመደ ስህተት ነው። ኒው ሳውዝ ዌልስ ልደት፣ ጋብቻና ሞትን በመንግሥት መመዝገብ የጀመረችው ማርች 1 ቀን 1856 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለ የሞት የምስክር ወረቀት በጣም ብዙ ይናገራል፦ የሟች ወላጆች ስም፣ የት እንደተወለደ፣ ቅኝ ግዛቷ ውስጥ ስንት ዓመት እንደኖረ፣ ማንን እንዳገባ፣ ልጆቹ እነማን እንደሆኑ። የወታደሩ ልጅ ከ1856 በኋላ ከሞተ፣ የአባትና የእናት ስም እዚያ ሊገኝ ይችላል።

2. ቀጥሎ የ1828 ቆጠራ። የቅኝ ግዛቷ የመጀመሪያው ሙሉ ሕዝብ ቆጠራ ነው፤ 36,598 ሰው ተቆጥሯል። ስም፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ ሥራ፣ መሬትና ከብት፣ እንዲሁም የመጡበት መርከብና ዓመት አለው። ከእያንዳንዱ ስም ጎን አጭር ምልክት አለ፦ ነጻ ሆኖ የመጣ፣ እዚሁ የተወለደ፣ ፍርዱን ጨርሶ ነጻ የወጣ፣ ገና ግዞተኛ የሆነ። ወታደሩ «ነጻ ሆኖ የመጣ» ይሆናል፤ ጎኑ ያለችውን ሴት ምልክት ደግሞ እዩ።

3. የመርከቧን ስም አትልቀቁ። ጆን ስሚዝ የሚባል ሰው በየቦታው አለ። አንዱን ከሌላው የሚለየው «በየትኛዋ መርከብ መጣ?» የሚለው ነው። በዚያ አገር መርከቧ እንደ አባት ስም ናት። በ1790 ሌዲ ጁሊያና ብቻዋን ከ220 በላይ ሴት ግዞተኞችን አምጥታለች፤ «ሜሪ በሌዲ ጁሊያና» ካላችሁ ፍለጋው በጣም ጠበበ ማለት ነው።

4. የክርስትናና የጋብቻ መዝገብ። የሲድኒው ቅዱስ ፊልጶስ እና የፓራማታው ቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያኖች ዋነኞቹ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ጋብቻዎች የተፈጸሙት ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1788 ነው፤ መሬት በረገጡ በሁለት ሳምንት! አየርላንዳዊ ካቶሊክ ከሆኑም እዚያው ፈልጉ፤ መንግሥት የፈቀደላቸው ቋሚ የካቶሊክ ካህናት የመጡት በ1820 ስለሆነ ብዙ የካቶሊክ ልጅ ክርስትና የተነሳው በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ነው።

5. የመሬት ስጦታ። በዘመኑ በወጣ መመሪያ መሠረት ፍርዱን የጨረሰ ነጠላ ግዞተኛ 30 ኤከር ያገኛል፤ ሚስት ካለው 20፣ በልጅ ደግሞ 10 ይጨመርለታል። ለመቅረት የወሰነ ተራ ማሪን በዚህ ላይ 50 ኤከር፣ የበታች ሹም ደግሞ 100 ኤከር ያገኛል። ስለዚህ ከ80 ኤከር (32 ሄክታር ገደማ) በላይ የተሰጠው ተራ ወታደር ካያችሁ፣ ጠርጥሩ፦ ሚስት ወይም ልጅ ነበሩት ማለት ሊሆን ይችላል። የኤከሩ ቁጥር ራሱ ስለ ቤተሰቡ ይናገራል።

6. ጋዜጣውና አቤቱታው። ሲድኒ ጋዜት በማርች 1803 ተጀመረ፤ ዛሬ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ትሮቭ በሚባለው ድረ ገጹ በነጻ ያስነብበዋል። ከአገር የሚወጣ ሰው አበዳሪ ነኝ የሚል እንዲቀርብ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። «ሚስቴ ጥላኝ ስለሄደች ዕዳዋን አልከፍልም» የሚል ባልም ሞልቷል። ለአገረ ገዢው የተጻፉ አቤቱታዎችም በስም ማውጫ ተዘጋጅተው በግዛቷ ቤተ መዛግብት አሉ፤ መሬት የሚለምን አሮጌ ወታደር ስንት ዓመት እንዳገለገለና ስንት ልጅ እንዳለው ራሱ ይዘረዝራል።

ለንደን ያሉትን የጦር መዝገቦች ለማየት ደግሞ አውሮፕላን መሳፈር የግድ አይደለም። ከ1948 ጀምሮ አውስትራሊያ እና እንግሊዝ በጋራ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት መዝገቦቹን በፊልም ሲቀዱ ቆይተዋል፤ ያ ሁሉ አሁን በዚያው በትሮቭ በኩል በነጻ ይታያል።

ወጥመዶቹ

ትልቁ ወጥመድ የጸሐፊው ዓይን ነው። በ1806 ሳሙኤል ማርስደን የሚባል ቄስ የቅኝ ግዛቷን ሴቶች ቆጥሮ ዝርዝር አወጣ። 1,430 ሴቶች፤ «ባለ ትዳር» 395፣ «ዕቁባት» 1,035። ያንብቡትና «ምን ዓይነት አገር ነው!» ይላሉ። ግን ቄሱ ጋብቻ ብሎ የቆጠረው በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተፈጸመውን ብቻ ነው። በካቶሊክ ወይም በአይሁድ ሥርዓት የተጋቡ፣ ያለ ቃል ኪዳን 15 ዓመት አብረው የኖሩ፣ አምስት ልጅ ያሳደጉ፣ ሁሉም «ዕቁባት» ናቸው፤ ልጆቻቸውም ዲቃላ። እንግሊዝ ሚስት ትቶ የመጣ ወታደርም ሁለተኛ ማግባት አይችልም ነበር። ስለዚህ ቅድመ አያታችሁን በዚያ ስም ብታገኟት የቄሱን ፍርድ እንጂ የእሷን ሕይወት እንዳገኛችሁ አትቁጠሩት።

ሁለተኛው «ወላጅ አልባ» የሚለው ቃል ነው። በ1801 ሲድኒ ውስጥ የሴት ወላጅ አልባዎች ትምህርት ቤት ተከፈተ። እዚያ ከገቡት ልጆች ብዙዎቹ ወላጅ ነበራቸው፤ አባት በሬጅመንቱ ሄዶ፣ እናት ማሳደግ አቅቷት ነው። ልጅቱን እዚያ ብታገኙ ወላጆቿን ከመዝገብ አትሰርዙ።

ሦስተኛው እሳት ነው። ሴፕቴምበር 1882 ሲድኒ ውስጥ ጋርደን ፓላስ የሚባለው ግዙፍ ሕንፃ ሲቃጠል የ1881 ቆጠራ ወረቀቶችና ሌሎች ብዙ መዝገቦች አብረው አመድ ሆኑ። ስለዚህ አለመገኘት አለመኖር አይደለም።

አራተኛው የዲኤንኤ ምርመራ ነው። ይረዳል፤ ግን ተአምር አይደለም። ከ1788 እስከ ዛሬ ስምንት ትውልድ ብንል፣ አንድ ቅድመ አያት በአማካይ የሚያወርሰን ከ250 እጅ አንዱን ገደማ ነው፤ ጭራሽ ምንም ላይደርሰንም ይችላል። ምርመራው የሩቅ ዘመድ ያገናኛል፤ ስሙን የሚነግረው ግን ወረቀቱ ነው።

ለምን ተደበቀ?

እዚህ ጋ የነገሩ ሆድ አለ። ለረጅም ዘመን አውስትራሊያ ውስጥ የእስረኛ ዘር መሆን ነውር ነበር፤ «የግዞተኛ እድፍ» ይሉታል። ቤተሰቦች ስም ቀየሩ፣ ዓመት ቀየሩ፣ ዝም አሉ። ወታደር ቅድመ አያት ያለው ቤት ግን መሸሸጊያ አገኘ፦ «እኛ ከጠባቂዎቹ ወገን ነን።» ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ እናትየው፣ ከወሬው ተቆርጣ ወጣች።

ባለፉት 50 እና 60 ዓመታት ነገሩ ተገልብጧል። በ1968 የመጀመሪያው መርከብ ጓድ ተወላጆች ማኅበር ሲመሠረት፣ አባል ለመሆን ዘሩን በማስረጃ ማሳየት ግዴታ ሆነ። አያቶች የደበቁትን ወረቀት የልጅ ልጆች በፍሬም ሰቀሉት።

ግን ሌላ ዝምታም አለ። ያ 80 ኤከር የማን ነበር? ሲድኒ የጋዲጋል ሕዝብ ምድር ናት፤ ፓራማታ እና ሆክስበሪ የዳሩግ ሕዝብ። የመሬት መዝገቡ ለማን እንደተሰጠ ይናገራል፤ ከማን እንደተወሰደ አይናገርም። ጃንዋሪ 26 ዛሬ ለአንዱ የአገር በዓል፣ ለሌላው የወረራ ቀን የሆነውም ለዚህ ነው። ከማሪን መኮንኖቹ አንዱ፣ ዊልያም ዶውስ፣ ፓትየጋራንግ ከምትባል የአገሬው ወጣት ቋንቋዋን ተምሮ ማስታወሻ ይዞ ነበር፤ ደብተሮቹ ዛሬ ለንደን ተቀምጠዋል። በ1790 ነዋሪዎቹን ለመቅጣት ዝመት ሲባል እምቢ አለ፤ ተጭኖበት ሄደና በመሄዴ ተጸጽቻለሁ ብሎ በግልጽ ተናገረ። ወታደር ቅድመ አያት የሚፈልግ ሰው ይህንንም ወረቀት ቢያነብ ሙሉውን ሥዕል ያገኛል።

እኛስ? እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ። ስማችን ራሱ የሚሄደው በአባት መስመር ነው። እስቲ በእናት በኩል ቁጠሩ ብንባል ስንቶቻችን ሦስተኛው ላይ እንቆማለን? አያቶች በሕይወት እያሉ ጠይቁ፤ እኛ ጋ ብዙው መዝገብ እነሱ ናቸው።

ወደ አሊሺያ እንመለስ። ራልፍ ክላርክ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ በ1794 እሱም፣ ሚስቱም፣ ብቸኛ ወንድ ልጁም በአንድ ዓመት ውስጥ አለቁ። ማስታወሻው ግን ተርፎ ታተመ፤ ዛሬም ይጠቀሳል። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ የሌለችው ሕፃን የተገኘችው አንድ ቄስ ክርስትና ሲያነሳት ስሟን ስለጻፈ ነው።